ትሬይለሩ የማን ነው?

የካምፒንግ ትሬይለር ማለት አሜሪካዊ ከቤቱ ሲሸሽ ቤቱን ከኋላው እየጎተተ የሚሄድበት ነገር ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ ሽንት ቤትና ሻወር አለው፤ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን የሚሰቅሉም ሞልተዋል። ሰውዬው ይህን ሁሉ ጭኖ ጫካ ይገባና «ከተፈጥሮ ጋር ልሁን ብዬ ነው» ይላል። ዴንቨርና አውሮራ ያለነው ሐበሾች ነገሩ ላይ የደረስነው ዘግይተን ነው። መጀመሪያ ድንኳን ሞከርን። ድንኳን ግን ሃምሳን ላለፈ ወገብ አይመከርም፤ ለጥየቃ ከአገር ቤት የመጣች እናትም «ልጄ፣ ሥራህ ተበላሽቶብህ ነው ሜዳ ላይ የምታሳድረኝ?» ብላ ሌሊቱን ስትጸልይ ታድራለች። ትሬይለር ሲመጣ ክርክሩ አበቃ። በር አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ጀበና የሚጣድበት እሳት አለው። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ቼሪ ክሪክ ፓርክ ሄደን፣ ሥጋ ጠብሰን፣ ቡና አፍልተን፣ አገር ያቋረጥን የሚያስመስል ፎቶ ለዘመድ ልከን እንመለሳለን።

ጣጣው የሚጀምረው ከተመለስን በኋላ ነው። ትሬይለር በዓመት ውስጥ የሚሄድበት ቀን ጥቂት ነው፤ የሚቆምበት ይበዛል። ብዙ ሰፈር ውስጥ ደግሞ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደጃፍ ላይ እንዲቆም አይፈቅድም። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሣር በበዛበት ሜዳ ዳር፣ የታጠረ ግቢ ውስጥ በወር ኪራይ ይቀመጣል። መስኮቱ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ ፍራሹ እንደተነጠፈ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሰው የሚባል ዝር አይልበትም። እስቲ ይህን ቤት በአይጥ ዓይን እዩት። ነፋስ አይገባው፣ ድመት አይደርስበት፣ ጥጥና ስፖንጅ ሞልቶታል፤ ባለቤቱ ግማሽ ዓመት አይመጣም፤ ኪራዩንም የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። እኔ አይጥ ብሆን ሌላ ቤት አላይም ነበር።

ትሬይለር የሚበላው ቆሞ ነው። የዚህ ዕቃ ወዳጆች ሁሉ ስሙን የሚያነሡት ዋሊ ባያም፣ ያ ብርማ ክብ ትሬይለር ኤርስትሪም የተባለውን የሠራው ሰውዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ከኬፕታውን ተነሥቶ 41 ትሬይለር አስከትሎ አፍሪካን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጧል። በኛም አገር አልፎ ነው በ1960 ካይሮ የገባው። በዚያ ዘመን መንገድ፣ በዚያ ጭቃና በዚያ ዳገት! በጉዞው ስንት ጎማ እንደፈነዳና ስንት አክሰል እንደተሰበረ ብዙ ተወርቷል፤ ስለ አይጥ ግን ያማረረ አላጋጠመኝም። ሲጓዝ ለከረመ ትሬይለር አይጥ ጊዜ የላትም። የእኛዎቹ ግን ከአውሮራ ቼሪ ክሪክ፣ ከቼሪ ክሪክ ማቆሚያ።

ኮሎራዶ ላይ ትሬይለር ውስጥ የምትገባው አብዛኛውን ጊዜ የከተማዋ ግራጫ አይጥ አይደለችም። የሜዳና የጫካ አይጥ ናት፤ ላይዋ ቡናማ፣ ሆዷና እግሮቿ ነጭ፣ ዓይኖቿ ትልልቅና ጥቁር፣ ጆሮዋ ሰፊ። ፈረንጆቹ በቀለሟ ምክንያት የአጋዘን አይጥ ይሏታል። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ናት። ክብደቷ ከ20 ግራም እምብዛም አይበልጥም፤ ይህን ያየ ሰው «ይቺ ደግሞ ምን ትጎዳለች?» ይል ይሆናል። ትጎዳለች። የፊት ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቆምም፤ ስለዚህ ስትበላም ሳትበላም መፋቅ አለባት። የኤሌክትሪክ ሽቦ ትፍቃለች፣ የውሃ ቱቦ ትበሳለች፣ ፍራሽ ትዘነጥላለች። እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው፤ በአንዴ አራት አምስት ትወልዳለች። የቤት አይጥ ደግሞ በቀን ከ50 እስከ 75 ፍሬ ኩስ ትጥላለች ይላሉ የቆጠሩ ሰዎች። የቆጠሩት ሰዎች ደመወዝ ስንት እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ሚያዝያ ላይ በሩን ስንከፍት ቀድሞ የተቀበለን ሽታው ነው። ቀጥሎ የቆሎው ካርቶን ጎኑ ተበልቶ ተገኘ። መጀመሪያ የተከሰሱት ልጆቹ ነበሩ፤ «ሳትነግሩን በልታችሁ ነው» ተብለው አንድ ዙር ተቆጡ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። በኋላ ባለቤቴ ከአልጋው ሥር ያለውን መሳቢያ ሳበችው። ጥጉ ላይ ጡጫ የሚያህል ጎጆ ተሠርቷል። ከግድግዳው የተመዘዘ ፋይበርግላስ አለ፣ የሽንት ቤት ወረቀት አለ፣ የትራስ ጥጥ አለ፤ ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው። ያልጠበቅነው ጥለቱን ነው። ለማታ ብርድ ተብሎ እዚያው የሚቀመጥ አንድ ነጠላ ነበረን። አይጢቱ መሐሉን አንድ ክር አልነካችውም። አረንጓዴና ቀይ ጥለቱን ብቻ ከዳር እስከ ዳር ተርትራ ወስዳ ጎጆዋን ከውስጥ ለብጣበታለች። ባለቤቴ ዝም ብላ ስታየው ቆየችና «ምርጫ ታውቃለች» አለች።

ከጎጆው ጎን ባለው የጭቃ ጫማዬ ውስጥ ደግሞ ስንቋ ተከማችቷል። ይህ የዚህ ዘር ጠባይ ነው፤ የብርዱን ወራት ዘር አከማችታ ነው የምትወጣው። ቆሎው ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለ ነበር። ጫማው ውስጥ ያለው ግን ሱፍ ብቻ ነው። ገብሱን ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ትታዋለች። ሽምብራውን አንድ ሁለቱን ፈልፈል አድርጋ ተወችው፤ በዚህስ አልፈርድባትም፣ የተቆላ ሽምብራ ለእኔም ጥርስ አልሆነም።

ወሬው እንደተሰማ ምክር ዘነበ። ትሬይለሩን ከእኛ ጎን የሚያቆም አንድ ፈረንጅ፣ ልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ የምትጨመረዋን ሽቶ ያላት ስስ ጨርቅ በየመሳቢያው አድርጉ አለን። ሌላው የናና ዘይት በጥጥ እየነከራችሁ በየጥጉ አስቀምጡ አለ። ሌላው የገላ ሳሙና ከታትፋችሁ በትኑ አለ። አንዷ ደግሞ በማታ ከትሬይለሩ ሥር መብራት አብሩ፣ አይጥ ብርሃን ትፈራለች አለች። ኮሎራዶ ውስጥ ትሬይለር ያለው ሰው ሁሉ የየራሱ መድኃኒት አለው፤ የሁሉም መድኃኒት ፍቱን ነው፤ የሁሉም ትሬይለር ውስጥ አይጥ አለ። ናናው እስኪተን ድረስ ጥቂት ቀን ያውዳል፤ ከተነነ በኋላ ጥጡ ለጎጆ ይሆናል። ስለ ጨርቋም የሚባለው ያው ነው፤ እሷንም ተልትላ ያነጠፈች አይጥ ያየ ሰው አለ። ናፍታሊን የሚያስቀምጡም አሉ። ናፍታሊን ግን ጋዙ ለሰው ሳንባ የማይሆን ነገር ነው፤ እዚህ አገርም ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ውጭ መጠቀም በሕግ የተከለከለ ነው። በዚያ ላይ ሽታው ፍራሽ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። አይጧን ሳይሆን ባለቤቱን ያስለቅቃል።

በኤሌክትሪክ የሚሰካና ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚያወጣ ዕቃም አለ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 እንዲህ ያለ ዕቃ ለሚሠሩና ለሚሸጡ ከ60 በላይ ድርጅቶች፣ «አይጥ ያባርራል የምትሉትን በሳይንስ ማስረጃ አስደግፉ» ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። ዕቃው ዛሬም ይሸጣል። የዚህ ድምፅ ትልቁ ጥቅም ለሻጩ ነው፤ ገዢው ስለማይሰማው ይሥራ አይሥራ ማወቂያ የለውም።

የእኛ ሰዎችም ከምክሩ አልቀሩም። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት ጉዳዩን ቡና ላይ ሰሙና፣ «ይኼን ያህል ምን ያደናግራችኋል? ሚጥሚጣ ነስንሱበት!» አሉ።

«ጋሼ፣ ሚጥሚጣውን ካየች ሥጋውን ፍለጋ ትመጣለች እንጂ መች ትሸሻለች?» አልኳቸው።

«እንግዲያ ድመት ግዛ።»

እናቴም በስልክ የነገረችኝ ይህንኑ ነው። «አገሩ ላይ ድመት የለም እንዴ?» አለችኝ። አለ፤ ግን የአሜሪካ ድመት ሐኪም አላት፣ ኢንሹራንስ አላት፣ ምግቧም በቆርቆሮ ታሽጎ ነው የሚመጣ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ብለን ነበር፤ አሜሪካ ስትገባ ግን ሳትመነኩስም ትረሳለች። ደግሞስ ስድስት ወር በተዘጋ ትሬይለር ውስጥ ድመት ማን ያስቀምጣል? ጋሼ ይህን ሳስረዳቸው ቡናቸውን ፉት አሉና «እንግዲያ አይጧን ልመዳት» ብለው ዘጉት።

መልመድ አይቻልም፤ እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኒው ሜክሲኮ፣ አሪዞና፣ ዩታና ኮሎራዶ በሚገናኙበት አካባቢ ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች በድንገት ትንፋሽ እያጠራቸው ይሞቱ ጀመር። ምክንያቱ ሲጣራ ሀንታቫይረስ ሆኖ ተገኘ፤ ተሸካሚዋም ይህችው ባለ ነጭ ሆዷ ቆንጆ ናት። ቫይረሱ በሽንቷ፣ በኩሷና በምራቋ ውስጥ አለ፤ ሲደርቅ ከአቧራ ጋር ይነሣል፤ ሰው ይተነፍሰዋል። በሽታው የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው። ግን ሳንባ ውስጥ ከገባ ከ10 ሰው 4 ያህሉን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ ፓርክ 10 ጎብኚዎች ታመው 3ቱ ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ያደሩት ግድግዳው ድርብ በሆነ የድንኳን ቤት ውስጥ ነበር፤ አይጦቹም የተገኙት በሁለቱ ግድግዳ መካከል ባለው መሙያ ውስጥ ነው። የትሬይለር ግድግዳም ድርብ ነው፤ መሐሉም እንዲሁ በመሙያ የተጠቀጠቀ። እ.ኤ.አ. በ2025 የካቲት ላይ የፊልም ተዋናዩ የጂን ሃክማን ባለቤት፣ የፒያኖ ተጫዋቿ ቤትሲ አራካዋ፣ ሳንታ ፌ በሚገኘው ቤታቸው በዚሁ በሽታ ሞታለች። ግቢው ሲፈተሽ በጋራዦቹና በማከማቻ ቤቶቹ የአይጥ ጎጆ ተገኝቷል።

አደጋው ለእኛ የሚብሰው በአንድ ጠባያችን ምክንያት ነው። ሐበሻ ቆሻሻ ካየ እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ መጥረጊያ ነው። ኩስ ያየች እናት «ኧረ ጉዴ!» ብላ ሳትጨርስ መጥረግ ጀምራለች። መጥረጊያ ግን ያንን አቧራ አስነሥቶ በቀጥታ አፍንጫችን ውስጥ ይከታል፤ ቫኪዩም ደግሞ ይባስ። የአሜሪካ በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የሚለው ሌላ ነው። መጀመሪያ በርና መስኮቱን ከፍቶ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ማናፈስ። ከዚያ ጓንት አጥልቆ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ፣ ኩሱና ጎጆው ላይ ርስርስ እስኪል ረጭቶ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። በመጨረሻ በወረቀት ጠርጎ በፌስታል አስሮ መጣል። ነጠላችን በዚህ ሥነ ሥርዓት ተሸኝቷል። በረኪና ያልነካው ጥለት አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምሰጠው ፍርድ አጭር ነው፤ አይጥ በመዓዛም በድምፅም አትወጣም፤ ከገባችም በኋላ ማስወጣት ከባድ ነው፤ መግቢያዋን መድፈን ብቻ ነው የሚያዋጣው። መግቢያዋ ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። ስድስት ሚሊሜትር፣ የእርሳስ ውፍረት ማለት ነው፤ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ይከተላል። ይህን ሰምታችሁ ጀርባችሁን መሬት ሰጥታችሁ ባትሪ ይዛችሁ ከትሬይለሩ ሥር ግቡ። እዚያ ሥር ስትተኙ ነው የፋብሪካውን ሠራተኛ የምታውቁት። አንድ ጣት ለሚያህል የውሃ ቱቦ ሦስት ጣት የሚያህል ቀዳዳ በስቶ፣ ቱቦውን አሳልፎ፣ ምሳውን ሊበላ ሄዷል። የጋዝ ቱቦው እንዲሁ። የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚወጣበት በር እንዲሁ። ከጎማው በላይ ያለው ማዕዘን፣ ከማጠቢያው ሥር ያለው ጥግ፣ ሳሎኑ ወደ ውጭ የሚንሸራተትበት ዳር፤ ሁሉም ለአይጥ አውራ ጎዳና ናቸው። ቀላሉ መፈለጊያ ይህ ነው፤ ጨለማ ሲሆን ውስጡን መብራት አብርታችሁ ከሥር እዩ። ብርሃን የወጣበት ሁሉ መግቢያ ነው። እኛ ይህን ስናደርግ ሆዱ ከዋክብት የበዛበት ሰማይ መስሎ ነበር የታየን።

ቀዳዳውን በፎም ብቻ የሚሞሉ አሉ። ፎም ለአይጥ ምንም ማለት አይደለም፤ ቦርቡራ ታልፋለች። ድስት የምንፈትግበትን የሽቦ ጥቅል ጠቅጥቆ፣ በላዩ የማሸጊያ ሙጫ መደረብ ነው። ሽቦው ለጥርሷ አይመቻትም። የብረቱ እርጥበት ሲያገኘው ስለሚዝግ የመዳብ ሽቦ መረብ ከተገኘ ይመረጣል። ጥንቃቄም አለው፤ የጋዝ ማሞቂያው ጢስ የሚያወጣበትን ቀዳዳ እንዳትደፍኑ። አይጥ እከላከላለሁ ብሎ በከሰል ጢስ ዓይነት ጋዝ መታፈን አለ። ለእሱ አየር የሚያስተላልፍ የብረት ወንፊት ይሸጣል።

ውስጥ ለቀረችው ወጥመድ አለ። ዛሬም ሱቅ ውስጥ የምናየውን፣ ጣውላ ላይ የተገጠመ ባለ ስፕሪንጉን፣ ዊልያም ሁከር የተባለ የኢሊኖይ ሰው እ.ኤ.አ. በ1894 አስመዝግቦታል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የፈጠራ መዝገብ በሺሕ የሚቆጠር የአይጥ ወጥመድ መዝግቧል፤ አንዱም ያቺን ጣውላ ከገበያ አላስወጣትም። የለውዝ ቅቤ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ይበቃል፤ ሲበዛ ልሳ ትሄዳለች። ወጥመዱ ከግድግዳው ጋር መስቀለኛ ሆኖ፣ ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ ይቀመጥ፤ አይጥ መሐል ወለል አትሄድም፣ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሮጠው። የሚያጣብቀውን ሙጫ ግን አልወደውም፤ ቀኑን ሙሉ ተጣብቃ ስትጮህ መስማት ለጠላትም አይገባም። መርዝም አልመክርም። መርዝ የበላች አይጥ እናንተ ደጅ ላይ አትሞትም፤ ግድግዳው ውስጥ ገብታ ነው የምትሞተው። ከዚያ በኋላ ያለው ሽታ የናናውን ሰውዬ እንኳ ዝም ያሰኛል። ከመሞቷ በፊት ደጅ የወጣችውን ደግሞ ጉጉትና ጭልፊት በልተው መርዙ ወደ እነሱ ይተላለፋል።

እንግዲህ በየከተማው ትሬይለር የገዛችሁ ወገኖቼ፣ መስቀልን አክብራችሁ የዓመቱን የመጨረሻ ጉዞ ስትጨርሱ ለናና ዘይት የምታወጡትን ገንዘብ ለሽቦ አውጡት። ፍራሹን ከግድግዳ አርቃችሁ አቁሙት፣ መሳቢያዎቹን ባዶ አድርጋችሁ ክፈቷቸው፣ በብርዱ ወራትም አንድ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላችሁ እዩት። ነጠላውን ይዛችሁ ቤት ግቡ። ቆሎውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ስኳሩን፣ ጥግ የወደቀውን የድፎ ፍርፋሪ ሳይቀር አንድ ፍሬ አትተዉ፤ ፕላስቲክ ከረጢትም ካርቶንም ለእሷ ክዳን አይደለም። ገብሱን ብቻ መተው የፈለገ ይተወው፤ እሱን እንኳ አትበላውም።